የሙከራ አኒሜተር እንጀራ ከየት ይመጣል?

በማርች 2025 ቻትጂፒቲ አዲስ የምስል ማመንጫ ሲለቅ በጥቂት ቀናት ውስጥ ማኅበራዊ ሚዲያው የጃፓን የእጅ ሥዕል ፊልሞችን መልክ በያዙ የቤተሰብና የሠርግ ፎቶዎች ተጥለቀለቀ። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በፌብሩዋሪ 2024፣ የቻትጂፒቲ ባለቤት የሆነው ኦፕንኤአይ በጽሑፍ ትእዛዝ ቪዲዮ የሚያመነጨውን ሶራን አስተዋውቆ ነበር። ከሁለቱ ወዲህ «አኒሜተርነት አበቃለት» የሚለው ወሬ በየቦታው ይሰማል። ወሬው ግን ብዙ ሙያዎችን በአንድ ስም ጠቅልሎ ይዟል። በትልቅ ስቱዲዮ ተቀጥሮ ገጸ ባሕርይ የሚያንቀሳቅስ ሰው አለ፤ ለባንክና ለስልክ ኩባንያ የ30 ሴኮንድ ማስታወቂያ የሚሠራ አለ፤ ብቻውን፣ በገዛ እጁ፣ ለዓመታት በአንድ አጭር ፊልም ላይ የሚቀመጥ ደግሞ አለ። ይህ ጽሑፍ ስለ ሦስተኛው፣ ስለ ግል የሙከራ አኒሜተር ነው። የዚህ ሰው ሙያ ሊናጋ የሚችለው ብዙዎች በሚጠቁሙት በኩል አይደለም። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ሙከራ» ማለት ምን ማለት ነው?

አኒሜሽን አንድ በአንድ የተሠሩ ቋሚ ምስሎችን በፍጥነት በማሳየት እንቅስቃሴ የመፍጠር ጥበብ ነው። እያንዳንዱ ምስል ፍሬም ይባላል፤ ሲኒማ በሴኮንድ 24 ፍሬም ያሳያል። በስቱዲዮ አሠራር ታሪኩን አንዱ ይጽፋል፣ ትዕይንቱን ሌላው በሥዕል ይዘረዝራል፣ ዋና ዋናዎቹን አቋሞች ሌላው ይስላል፣ በመካከል ያሉትን ረዳቶች ይሞላሉ፣ ቀለሙ ደግሞ የሌላ ክፍል ሥራ ነው። የሙከራ አኒሜተር ይህን ሁሉ ብቻውን ይሠራል። ዋናው ልዩነት ግን የሰው ቁጥር አይደለም፤ መነሻው ነው። ስቱዲዮ ከታሪክ ተነሥቶ ታሪኩን የሚሸከም ዘዴ ይፈልጋል። የሙከራ አኒሜተር ብዙ ጊዜ ከቁሱ ይነሣል፦ አሸዋ እንዴት ይፈስሳል? ያልደረቀ ቀለም ሲጠረግ ምን ዱካ ይተዋል? የፊልም ሽፋን በመርፌ ሲፋቅ ምን ዓይነት መስመር ይወጣል?

በኒው ዚላንድ የተወለደው፣ ሌን ላይ (Len Lye) የተባለው ሠዓሊ በ1935 ለእንግሊዝ ፖስታ ቤት የጥቅል አገልግሎት በሠራው አጭር ፊልም ካሜራ ጨርሶ አልተጠቀመም፤ ቀለሙን በቀጥታ የፊልሙ ጥቅል ላይ ቀባው። ስለዚህ ሙከራ ማለት ግልጽ ያልሆነ፣ ትርጉሙ የጠፋ ሥራ ማለት አይደለም። አንዳንዱ የሙከራ ፊልም ልቅም ያለ ታሪክ ይተርካል። የሚሞከረው ዘዴው ነው።

አንድ ደቂቃ ስንት ምስል ነው?

የሙያውን ኢኮኖሚ ለመረዳት ስሌቱን መያዝ ይበጃል። ብዙው የእጅ አኒሜሽን አንዱን ምስል ለሁለት ፍሬም ይጠቀማል፤ ስለዚህ በሴኮንድ 12፣ በደቂቃ 720 ምስል ያስፈልጋል። አሥር ደቂቃ ፊልም 7,200 ምስል ነው። እያንዳንዱ ምስል አምስት ደቂቃ ቢፈጅ፣ ይህም ፈጣን እጅ ነው፣ 600 ሰዓት ይሆናል። በቀን ስድስት ሰዓት ካሜራ ሥር ቢሠራ 100 ቀን ነው። በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ነፃ የሆነ ሰው ያንኑ ለመጨረስ 50 ሳምንት ይፈልጋል፤ የተበላሸው፣ የተጣለውና ድምፁ ገና አልተቆጠረም። አንድ አጭር ፊልም ሁለትና ሦስት ዓመት የሚወስደው ለዚህ ነው።

መስታወት ላይ በቀለም መሥራትን እንውሰድ። ነጭ፣ ብርሃን አሳላፊ መስታወት ወይም ፕላስቲክ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል። መብራቱ ከሥሩ ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ይላል፤ ከቀረበ መሐሉ ደምቆ ዳሩ ይጨልማል። ካሜራው ከላይ ወደ ታች ቀጥ ብሎ ይታሠራል። ሠዓሊው አንድ ምስል ይሠራል፣ ፎቶ ያነሣል፣ ከዚያ ያንኑ ምስል በጣት፣ በጨርቅ ወይም በብሩሽ ጥቂት ቀይሮ እንደገና ያነሣል። የቀደመው ምስል በፎቶው ካልሆነ በቀር የለም። በወረቀት የሚሠራ ሰው 40ኛውን ሥዕል ሳይወደው ቢቀር አውጥቶ ይተካዋል፤ መስታወት ላይ ግን ወደ ኋላ መመለስ የለም፣ ወይ ስሕተቱን ተቀብሎ መቀጠል ነው ወይ ትዕይንቱን ከመጀመሪያው መጀመር።

ቀለሙም የራሱ ጣጣ አለው። ጉዋሽ የሚባለው የውኃ ቀለም ብቻውን በመብራት ሙቀት ቶሎ ይደርቅና አልጠረግ ይላል። ጥቂት ጠብታ ግሊሰሪን ሲጨመርበት እርጥብ ሆኖ ይቆያል፤ ከበዛ ግን ቀለሙ ይንሸራተታል፣ ጠርዙ አይይዝም። የዘይት ቀለም ለቀናት ሳይደርቅ ይቆያል፤ በዝግ ክፍል ውስጥ በተርፐንታይን ከማጽዳት ይልቅ በምግብ ዘይት መጥረጉ ለሳንባ ይሻላል። ከጀርባ ያለውን መልከ ምድር ከታች ባለ ሌላ መስታወት ላይ መሥራት የተሳለው ሰው በተጠረገ ቁጥር ቤቱም አብሮ እንዳይጠረግ ያደርጋል።

ጀማሪን ከሁሉ በላይ የሚያስለቅሰው ግን የብርሃን መርገብገብ ነው። ፎቶዎቹ አንድ በአንድ ሲታዩ ደኅና ናቸው፤ ሲንቀሳቀሱ ምስሉ እንደ ሻማ ይርገበገባል። ምክንያቶቹ ይታወቃሉ። ካሜራው ብርሃኑን፣ የቀለም ሚዛኑን ወይም ትኩረቱን በራሱ እንዲመርጥ ከተተወ በየፎቶው ይለዋውጠዋል፤ ሁሉም በእጅ ተስተካክለው መቆለፍ አለባቸው። ዘመናዊ ሌንስ ደግሞ ቀዳዳውን በየፎቶው ከፍቶ ሲዘጋ ፍጹም አንድ ልክ አያመጣም፤ ቀዳዳው በእጅ ቀለበት የሚዞር አሮጌ ሌንስ ይህን ይፈታል። የሠራተኛው ነጭ ሸሚዝ እንኳ በቆመበት ቦታ ልክ መስታወቱ ላይ ብርሃን ይጨምራል፤ ጥቁር ልብስ የሚለበሰው ለዚህ ነው። መስኮት በጥቁር መጋረጃ ይዘጋል፣ አንዲት የደመና ጥላ የሁለት ሰዓት ሥራ ታበላሻለችና።

መምህርነቱ ከየት መጣ?

እንዲህ የተሠራ አጭር ፊልም በገበያ ራሱን አይችልም። ሲኒማ ቤት ለብቻው አይገዛውም። መንገዱ ፌስቲቫል ነው፦ በ1960 የተመሠረተው የፈረንሳዩ አኔሲ፣ የዛግሬብና የኦታዋ ፌስቲቫሎች በሙያው ትልቅ ስም አላቸው። ፌስቲቫል ግን ስም እንጂ ቋሚ ደመወዝ አይሰጥም፤ ብዙውም ለመወዳደር ራሱ ያስከፍላል። የሚቀሩት ሦስት ምንጮች የመንግሥትና የፋውንዴሽን ድጋፍ፣ ጥቃቅን የማስታወቂያ ሥራና ማስተማር ናቸው። በየወሩ የሚገባው የመጨረሻው ብቻ ነው።

የካሮላይን ሊፍ መንገድ ይህን በደንብ ያሳያል። በሲያትል ተወልዳ በሃርቫርድ ስትማር በ1968 የአኒሜተሩን የዴሪክ ላምብን ክፍል ተከታተለች፤ ያኔም በብርሃን ጠረጴዛ ላይ አሸዋ እያንቀሳቀሰች የመጀመሪያ ፊልሟን ጨረሰች። በ1972 የመንግሥት ፊልም አምራች የሆነው የካናዳ ብሔራዊ ፊልም ቦርድ ገባች። እዚያም በአሸዋ፣ ቀጥሎም በመስታወት ላይ ቀለም ሠራች፤ የ1976ቱ ሥራዋ ለኦስካር ታጨ። በ1990 የጨረሰችውን ፊልም በ70 ሚሊ ሜትር ፊልም ሽፋን ላይ በቀጥታ እየፋቀች ሠራችው። ከቦርዱ ከወጣች በኋላ ወደ ሃርቫርድ ተመልሳ አኒሜሽን አስተማረች፣ በኋላም በእንግሊዝ ብሔራዊ የፊልምና ቴሌቪዥን ትምህርት ቤት። ላምብ ክፍል ባይከፍት ኖሮ የአሸዋው ፊልም አይኖርም ነበር ማለት ይቻላል።

ከዚህ ቀድሞ ስኮትላንዳዊው ኖርማን ማክላረን የዚያው የካናዳ ቦርድ ሠራተኛ ሳለ በዩኔስኮ ተልኮ በ1949 ቻይና፣ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ሕንድ ሄዶ ለአገሩ ሠዓሊዎች ርካሽ የአኒሜሽን ዘዴ አስተምሯል። ካሜራ የማይፈልገው አሠራሩ ገንዘብ በሌለበት አገር ዋጋው ጎላ።

ሥርዓት ያለው ትምህርት ግን ከቡዳፔሽት ከመጣው ከጁልስ ኤንግል ጋር ይያያዛል። በዲዝኒና ዩፒኤ በተባለው ስቱዲዮ ከሠራ በኋላ በ1970 በካሊፎርኒያ የሥነ ጥበብ ተቋም፣ በተለምዶ ካልአርትስ በሚባለው፣ የሙከራ አኒሜሽን ክፍልን አቋቋመ። በዚያው ተቋም ለስቱዲዮ ሥራ የሚያዘጋጅ የገጸ ባሕርይ አኒሜሽን ክፍል በ1975 ተከፈተ፤ ሁለቱ እስከ ዛሬ ጎን ለጎን አሉ። ቀድሞ የባሕር ሕይወት መምህር የነበረው ስቲቨን ሂለንበርግ በ1992 የተመረቀው ከኤንግል ክፍል ነው፤ በ1999 በቴሌቪዥን የጀመረውን ስፖንጅቦብን የማያውቅ ልጅ ጥቂት ነው። የሙከራ ትምህርት ለጥቂት ሰዎች የሚደረግ ቅንጦት ነው የሚለው አስተያየት ከዚህ ታሪክ ጋር አይገጥምም።

ማስተማር ሙያውን ያቆየ ብቻ ሳይሆን ዘዴውንም የቀረጸ ይመስለኛል። በሳምንት ሦስት ቀን የሚያስተምር ሰው እርጥብ ቀለምና የተቆለፈ ካሜራ ሳይነካ እስከ ዓርብ እንዲጠብቀው ማድረግ ይከብደዋል፤ ቀለሙ ይደርቃል፣ ክፍሉን ሌላ ይፈልገዋል። በወረቀት የሚስል፣ ወረቀት ቆርጦ የሚያንቀሳቅስ ወይም ፊልም የሚፍቅ ሰው ግን ሥራውን በማንኛውም ፍሬም ላይ አቁሞ መሄድ ይችላል። የአሸዋና የመስታወት ፊልሞች በክረምት ዕረፍት የሚሠሩበት ወይም አጫጭር ትዕይንቶች የሚበዙባቸው አንዱ ምክንያት ይህ የክፍል መርሐ ግብር ሳይሆን አይቀርም።

መምህሩ የሚሰጠው ምንድን ነው?

ሶፍትዌርና መሣሪያ ከቪዲዮ መማር ይቻላል። ከቪዲዮ የማይገኘው በሁለት ምስሎች መካከል ያለውን ርቀት ማየት ነው። የካህንን ማዕጠንት እናስብ፦ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው 40 ሳንቲ ሜትር በአንድ ሴኮንድ ይወዛወዛል፣ እኛም 12 እርምጃ አለን። ጀማሪ 40ን ለ12 አካፍሎ በየእርምጃው 3.3 ሳንቲ ሜትር ያስኬደዋል። ውጤቱ በሽቦ የሚጎተት ዕቃ ነው፣ ክብደት የለውም። እውነተኛው ማዕጠንት ግን ጫፍ ላይ ይዘገያል፤ የመጀመሪያው እርምጃ 7 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ሁለተኛው 2 ሳንቲ ሜትር፣ መሐል ላይ ሲደርስ ከ5 ሳንቲ ሜትር በላይ ነው። ልጁ ሥዕሉን ሳይለውጥ ርቀቱን ብቻ ሲያስተካክል ብረቱ ከበደ ይላል። ጥሩ መምህር ሰባተኛው ፍሬም ላይ ጣቱን አሳርፎ «እዚህ ነው የሞተው» የሚል ሰው ነው።

ከዚህ በላይ ደግሞ መምህሩ ተማሪው መቼ እንደሚጥልና መቼ ስሕተቱን እንደሚይዝ ያሳየዋል። አሸዋው ሳይታሰብ የሠራው ቅርጽ ከታቀደው ሊሻል ይችላል፤ ይህን የሚያውቅ ዓይን የሚገኘው ከብዙ የተበላሸ ሥራ ነው።

ማሽኑ የሚነካው የትኛውን ነው?

አመንጪ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ብዛት ካላቸው ነባር ምስሎችና ቪዲዮዎች የተማረውን ዝንባሌ ይዞ ለትእዛዙ የሚቀርበውን ውጤት የሚያወጣ ፕሮግራም ነው። የሚሰጠው ያለቀ ቅንጣቢ ቪዲዮ ነው። 40ኛው ፍሬም ላይ ያለችው እጅ ካልጣመች ብዙ ጊዜ እንደገና ማመንጨት ያስፈልጋል፣ ያኔ ደግሞ ፊቱም ሊለወጥ ይችላል።

ደጋፊዎች ይህም መሣሪያ ነው ይላሉ፤ የሙከራ አኒሜሽን ማሽንን ፈርቶ አያውቅም። እውነት አላቸው። አሜሪካዊው ጆን ዊትኒ ከጦርነት የተረፈ የፀረ አውሮፕላን መድፍ ማነጣጠሪያ መሣሪያን ወደ አኒሜሽን ማሽን ለውጦ ሠርቷል። ሆኖም ዊትኒ ማሽኑን ፈትቶ ራሱ ገጥሞታል፤ እያንዳንዱ ዙር ምን እንደሚያመጣ ያሰላ ነበር። ትእዛዝ ጽፎ ውጤት መጠበቅ ከዚህ በጣም ይለያል፣ መሣሪያውን ከፍቶ የራሱን ሥዕሎች የሚያስተምረው ሰው ግን ወደ ዊትኒ ይቀርባል።

ተቃዋሚዎች ያለ ፈቃድ የተወሰደውን ሥራ ያነሣሉ። ይህ ቅሬታ ክብደት አለው። ነገር ግን በክርክሩ ውስጥ የሚምታታ ነገር አለ፦ የቅጂ መብት በጥቅሉ የተወሰነን ሥራ እንጂ የአሣሣል ስልትን አይጠብቅም፤ ስለዚህ «ስልቴን ሰረቁኝ» የሚለው በሥነ ምግባር የሚያሳምን ቢሆንም በሕግ ቀላል አይደለም። በሌላ በኩል የአሜሪካ የቅጂ መብት ጽሕፈት ቤት በጃኑዋሪ 2025 ባወጣው ሪፖርት ትእዛዝ መጻፍ ብቻውን ሰውን የውጤቱ ደራሲ ለማድረግ እንደማይበቃ ገልጿል። የእኔ የሚለው ፊልም የሚፈልግ አስተዋዋቂ ይህን ሳያጤን አያልፍም።

ታዲያ ጉዳቱ የት ይደርሳል? የመስታወት ፊልም የሚሠራው ሰው ምስሉ ርካሽ ስለሆነ አልሠራውም፤ ምስል ርካሽ መሆኑ ፊልሙን አይተካውም። የሚጠፋው በመሐል የነበረው ትንንሽ ሥራ ነው፦ የፕሮግራም መግቢያ፣ የ15 ሴኮንድ ማስታወቂያ፣ የጤና ትምህርት ቪዲዮ፣ የዘፈን ክሊፕ። እነዚህ የፊልሙን ወጪ ይሸፍኑ ነበር፣ ለጀማሪም የመጀመሪያ ደመወዝ ነበሩ። ክፍል ውስጥ ደግሞ ተማሪ የመነጨ ቪዲዮ ይዞ ሲመጣ ያለቀውን ፊልም ብቻ መመዘን አይሠራም። ረቂቆቹን፣ ፍሬም በፍሬም የተጻፈውን የሥራ ሰንጠረዥና ያልተቆረጡትን ፎቶዎች በተራቸው መጠየቅ ሠሪውን ይለያል፤ ድካሙንም ያሳያል።

የሚነቃነቀው ወንበር

ከማሽኑ ይልቅ የሚያሰጋኝ የመምህሩ ወንበር መነቃነቁ ነው። የሳን ፍራንሲስኮ የሥነ ጥበብ ኢንስቲትዩት፣ ለሙከራ ፊልም ትልቅ ቤት የነበረው፣ በ2022 ትምህርት አቆመ። የፊላደልፊያው የሥነ ጥበባት ዩኒቨርሲቲ፣ አኒሜሽን ይሰጥ የነበረው፣ በሜይ 2024 መጨረሻ እንደሚዘጋ አስታውቆ በሳምንት ውስጥ፣ ጁን 7 ቀን፣ ተዘጋ። ለሁለቱም የተማሪ ቁጥር ማነስና የገንዘብ እጥረት ተጠቅሰዋል፤ ሰው ሠራሽ አስተውሎት አይደለም።

በቀሩትም ትምህርት ቤቶች ብዙው የአኒሜሽን መምህር የሚቀጠረው በኮርስ ነው፤ ኮርሱ ካልተከፈተ ክፍያ የለም፣ በአሜሪካ ደግሞ ብዙ ጊዜ የጤና መድኅንም የለም። ወላጅ «ማሽን ለሚሠራው ነገር ለምን ልክፈል» ሲል የተመዝጋቢ ቁጥር ይቀንሳል፣ መጀመሪያ የሚታጠፈውም ጥቂት ተማሪ ያለው የአሸዋና የመስታወት ክፍል ነው። ወሬው በዚህ መንገድ እውነት ባይሆንም እውነት የሚሆንበትን ነገር ሊያመጣ ይችላል።

በኢትዮጵያ በኩል

አዲስ አበባ ተወልዶ በወጣትነቱ ወደ አሜሪካ የሄደው እዝራ ውቤ በብሩክሊን እየኖረ የሚሠራበት ዘዴ ከላይ ካልነው ጋር ይዛመዳል፤ አንድ ሸራ ላይ ይስላል፣ ፎቶ ያነሣል፣ በዚያው ላይ ደርቦ ይስላል። በ2015 የተጀመረው የአዲስ ቪዲዮ አርት ፌስቲቫል መሥራችም እሱ ነው። በአገር ውስጥ የረጅም ዕድሜ ባለቤት የሆነው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የዓለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት አለ። የሥዕል እጅ እጥረት የለም። አንድ ሠዓሊ ወደዚህ ዘዴ ለመሻገር የሚያስፈልገው ዕቃ ከስቱዲዮ ኮምፒውተር በብዙ እጥፍ ይረክሳል።

ጥንቃቄ የሚሹት ጥቂት የቦታው ነገሮች ናቸው። የአገራችን መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ ብርሃኑ በሴኮንድ 100 ጊዜ ከፍ ዝቅ ይላል፤ የካሜራው መክፈቻ ከሴኮንድ አንድ ሃምሳኛ የፈጠነ ከሆነ ፎቶዎቹ ሊለያዩ ይችላሉ። ግማሽ ሴኮንድ ያህል ክፍት ማድረግ ልዩነቱን ያጠፋዋል፣ ቋሚ ምስል ስለሆነ አይጎዳም። የቮልቴጅ መውረድን ግን ረጅም መክፈቻ አይፈታውም፤ በ12 ቮልት ባትሪ የሚሠራ ኤልኢዲ መብራት ይፈታዋል፣ መብራት በመሐል ቢጠፋም ትዕይንቱ አይቋረጥም። የወንዝ አሸዋ ሸክላ ስላለበት ውኃው እስኪጠራ ይታጠባል፣ ፀሐይ ላይ ይደርቃል፣ በደቃቅ ወንፊት ይነፋል፤ በክረምት እርጥበት ስለሚጠጣ በተዘጋ ጣሳ ይቀመጣል፣ አለዚያ ይጓጉልና የሰው ፊት ሳይሆን ጭቃ ይመስላል። ስልክ ለካሜራ ይበቃል፣ ብርሃንና ትኩረቱን የሚቆልፍ መተግበሪያ እስካለውና ቁልፉ በጆሮ ማዳመጫው ገመድ ወይም በብሉቱዝ እስከተነካ ድረስ፤ ማያ ገጹን በጣት መንካት ምስሉን ያናውጠዋል።

በዚህ ዓይነት አምስት ጠረጴዛ የተዘረጋበት አንድ ጨለማ ክፍል አሥር ተማሪ ጥንድ ጥንድ አድርጎ ይይዛል፦ አንዱ አሸዋውን ያንቀሳቅሳል፣ ሌላው ፎቶውን አንሥቶ ሰንጠረዡን ይሞላል። በአራት ሳምንት እያንዳንዱ ጥንድ የ20 ሴኮንድ፣ ማለትም የ240 ምስል፣ ሥራ ሊያወጣ ይችላል። የሚጎድለው በየጠረጴዛው እየዞረ ሰባተኛው ፍሬም ላይ ጣቱን የሚያሳርፈው ሰው ደመወዝ ነው።